ጉድጓድን በአሲድ «ማከም»፤ ስለ አንድ የነዳጅ ሙያ ቃላት አሰያየም

የነዳጅ ሙያ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ፈጥነው ከሚያጋጥሙት ሐረጎች አንዱ «ጉድጓድን በአሲድ ማከም» የሚለው ነው። ሦስቱም ቃላት ለየብቻቸው አያስቸግሩም። ጉድጓድን የማያውቅ የለም፤ አሲድ ከባትሪ ቤት ጀምሮ የተለመደ ስም ነው፤ ማከምም የዕለት ተዕለት ግስ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሦስቱ ሲገናኙ ነው። አንባቢው ጉድጓዱ ምን ቢሆን እንደ ታመመ፣ አሲዱም ምኑን እንደሚያድነው ከሐረጉ ሊረዳ አይችልም። በዚህ ጽሑፍ ሥራው ራሱ ምን እንደ ሆነ በመጠኑ ካብራራን በኋላ፣ ከዚያ በመነሣት ለዋና ዋናዎቹ ጽንሰ ሐሳቦች የምንመርጣቸውን ቃላት እናቀርባለን። ከእነዚህ ቃላት አንዳንዶቹ በደኅንነት መመሪያ ውስጥ የሚገቡ በመሆናቸው፣ በስሕተት ቢተረጐሙ ሰው የሚጐዳባቸው መሆኑን ከወዲሁ ማስታወስ ይገባል።

ከመጀመሪያው ቃል እንነሣ። ጉድጓድ ሲባል በአማርኛ ተናጋሪ አእምሮ የሚሣለው የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ሰው ገብቶ የሚቈፍረው፣ ውሃው ከግርጌው የሚጠራቀምበት። የነዳጅ ጉድጓድ ከዚህ እጅግ የተለየ ነው። ወርዱ ጥቂት ስንዝር፣ ጥልቀቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ፣ በብረት ቧንቧ የተሸፈነና ዙሪያው በሲሚንቶ የተሞላ ቀጭን መተላለፊያ ነው። ከታች ያለው ድፍድፍ ነዳጅም እንደ ሐይቅ የተኛ አይደለም። የሚገኘው በዐለቱ ውስጥ ባሉት እጅግ ደቃቅ ቀዳዳዎች ነው። ውሃ የተሞላ አዲስ የሸክላ እንስራ ላዩ ሲያልበው ያየ ሰው፣ ፈሳሽ በጠጣር ግድግዳ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ አይጠፋውም፤ የነዳጁም ጉዞ በዚያው ዓይነት ነው። (በነገራችን ላይ «ድፍድፍ» ከጠላ ጠመቃ ተወስዶ ለዚህ ሙያ የተሰጠ ቃል ሲሆን፣ ከነባር ቃላት ወደ ሙያ ቃልነት ከተሸጋገሩት መካከል በጣም ከተሳካላቸው አንዱ ነው ብለን እናምናለን። ማንም ሳያዝ በጋዜጣም በሬዲዮም ገብቶ ቀርቷል።)

እዚህ ላይ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ሊለዩ ይገባል። አንዱ በዐለቱ ውስጥ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለ የሚናገረው ነው፤ ይህን «ቀዳዳማነት» እንለዋለን። ሌላው እነዚያ ባዶ ቦታዎች እርስ በርሳቸው ተገናኝተው ፈሳሹን ምን ያህል እንደሚያሳልፉ የሚናገረው ነው፤ ይህን ደግሞ «አሳላፊነት» እንለዋለን። ቀዳዳዎቹ ብዙ ሆነው ካልተገናኙ ዐለቱ ነዳጅ ይይዛል እንጂ አይሰጥም። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚያጠቃልል ትርጉም ለአንባቢው ምንም አልነገረውም።

የአሲዱ ሥራ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባን ነዳጁ ወደ ጉድጓዱ የሚመጣበትን መልክ ስናስተውል ነው። ነዳጁ ከዙሪያው ሁሉ ወደ አንዲት ጠባብ መኻል ይሰበሰባል። ሕዝብ ከሰፊ ሜዳ ተነሥቶ በአንድ በር ለመግባት ሲጋፋ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ጭንቁ የሚበረታው ከበሩ አጠገብ ነው። ለምሳሌ የጉድጓዱ ግድግዳ ከመኻሉ በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ነዳጁ የሚመጣበት ክልል ዳርቻ ደግሞ በ300 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ ነዳጁ በጉዞው ከሚያጣው ግፊት ከሩብ የሚበልጠውን የሚያጣው ጉድጓዱ ሊደርስ አንድ ሜትር ያህል ሲቀረው ነው። የዚያች የአንድ ሜትር ክልል አሳላፊነት በሆነ ምክንያት ወደ አንድ ዐሥረኛ ዝቅ ቢል፣ የቀረው 299 ሜትር ምንም ሳይነካ የጉድጓዱ ምርት ወደ 28 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህ የሎጋሪዝም ሒሳብ ውጤት ነው። ተርጓሚ ሒሳቡን መሥራት አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን በዚህ ሙያ ጽሑፎች ውስጥ «ከጉድጓዱ አጠገብ» የሚለው ሐረግ ለምን እንደሚደጋገም ያውቅ ዘንድ ይጠቅመዋል።

ያች ጠባብ ክልል የምትደፈነው በብዙ ምክንያት ነው። ጉድጓዱ በሚቈፈርበት ጊዜ ቍፋሮውን ለማቀዝቀዝና ፍርፋሪውን ለማውጣት የሚላከው የቍፋሮ ጭቃ ወደ ዐለቱ ይገባል፤ ሲሚንቶም እንዲሁ። ቈይቶም ከውሃው የሚወጣ ማዕድን እንደ ጀበና ግርጌ ዝቃጭ እየተጋገረ መተላለፊያውን ያጠባል። የሙያው ሰዎች በእነዚህ ምክንያቶች ከጉድጓዱ ዙሪያ የተፈጠረውን ተጨማሪ እክል ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንድ ቍጥር ይገልጹታል። ጽንሰ ሐሳቡን ቫን ኤቨርዲንገንና ኸርስት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1953 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ጽሑፎች ያስፋፉት ሲሆን፣ የሰጡትም ስም «ስኪን» ማለትም ቆዳ ነው።

ቃሉን በቀጥታ «ቆዳ» ብሎ መመለስ የሚያስከትለውን ችግር ለአስተያየት በቀረበልን አንድ ረቂቅ ትርጉም ውስጥ ተመልክተናል። ረቂቁ የሥራ መመሪያና የደኅንነት መመሪያ በአንድነት የያዘ ነበር። በአንዱ ገጽ ላይ «የቆዳ ጉዳትን ለማስወገድ አሲዱን አስገባ» ይላል፤ በሌላው ገጽ ላይ «አሲዱ የቆዳ ጉዳት ያደርሳል» ይላል። የመጀመሪያው የጉድጓዱ፣ ሁለተኛው የሠራተኛው ቆዳ ነው። በምንጩ ቋንቋ ይኸው መንታነት ቢኖርም፣ አንባቢው በሙያው ያደገ ስለ ሆነ አይሳሳትም። የአማርኛው አንባቢ ግን ሙያውን ገና ከዚያው ወረቀት የሚማር ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ቍጥሩ ከዜሮ በላይ፣ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ሊሆን ስለሚችል፣ «አሉታዊ ቆዳ» የሚል ሐረግ ተርጓሚውን ይጠብቀዋል፤ ይህን በአማርኛ ሰምቶ የማይስቅ ያለ አይመስለንም።

በቆዳ ፈንታ «ቅርፊት» ቢባልስ? ምስሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «የመሬት ቅርፊት» በጂኦግራፊ መማሪያ መጻሕፍት ከያዘው ፍቺ ጋር ይጋጫል። ስለ ዐለት በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ይህ ግጭት ሊናቅ የሚገባው አይደለም። እኛ የምንመርጠው «ገለፈት» የሚለውን ነው። ገለፈት ስስ ነው፣ ሽፋን ነው፣ ሊላጥም ይችላል፤ አሲዱ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ቍጥሩን «የገለፈት መጠን» ብለን፣ አሉታዊ ሲሆን «የገለፈት መጠኑ ከዜሮ በታች» ብንል፣ ፍቺው ጉድጓዱ ምንም እክል ካልነበረበት ሁኔታ እንኳ የተሻለ መስጠቱ እንደ ሆነ ማስረዳት አያስቸግርም። «ቆዳ» ለሰው ብቻ ይቅር።

አሁን ወደ «ማከም» እንመለስ። ቃሉ ስሕተት ነው አንልም። አማርኛ ውሃንም ዘርንም «ማከም» ለምዷል፤ የነዳጅ ሙያም ራሱ ስለ ጉድጓድ ሲናገር እንደ በሽተኛ አድርጎ ስለሚናገር ምስሉ የተቀዳው ከዚያው ነው። ነገር ግን ማከም የግብ እንጂ የተግባር ስም አይደለም። ሐኪም ክኒንም ሰጠ፣ በቢላዋም ቀደደ፣ «አከመ» ይባላል። በአሲድ ሥራም ውስጥ የክኒንና የቢላዋ ያህል የሚራራቁ ሦስት ተግባራት አሉ፤ ሦስቱም በ«ማከም» ሥር ሲጠቃለሉ ልዩነታቸው ይጠፋል። ስለዚህ «ማከም» የወል ስም ሆኖ ይቈይ፤ ለእያንዳንዱ ተግባር ግን የራሱ ግስ ይሰጠው እንላለን።

የመጀመሪያው «በአሲድ ማጠብ» ነው። አሲዱ በቧንቧውና በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ዝቃጭ ያሟሟል እንጂ ወደ ዐለቱ ጠልቆ እንዲገባ አይፈለግም። ሁለተኛው አሲዱ በዐለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ የሚደረግበት ነው። ለዚህ «በአሲድ ማስረግ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ውሃ ወደ መሬት ሰረገ እንደምንለው ነው፤ ስሙም «የአሲድ ስርገት» ይሆናል። «ሰርጎ ገብ» የሚለው ቃል በሁሉ ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ ግሱ እንግዳ አይሆንም፤ ከሠርግ ጋር ዝምድና እንደሌለውም ሆሄው ይመሰክራል፤ ሆሄያትን መለየት ዋጋ የለውም ለሚሉን ወገኖች አንድ ማስረጃ ይሁናቸው። ሦስተኛው «በአሲድ መሰንጠቅ» ነው። በዚህኛው የፓምፑ ግፊት ዐለቱ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ከፍ ይደረግና ዐለቱ ይሰነጠቃል፤ አሲዱም የስንጥቁን ሁለት ፊት ሸካራ አድርጎ ስለሚበላው፣ ግፊቱ ሲነሣ ሁለቱ ፊት ተመልሰው አይገጥሙም፤ በመካከላቸው መንገድ ይቀራል።

ማስረግንና መሰንጠቅን የሚለየው ወሰን እንግዲህ አንድ የግፊት ቍጥር ነው። ስርገት የታዘዘለት ጉድጓድ ከዚያ ቍጥር በላይ በሆነ ግፊት ቢገፋ፣ ስንጥቁ ከነዳጁ በታች ወዳለው ውሃ ወይም ከበላዩ ወዳለው ጋዝ ሊከፈት፣ ጉድጓዱም ከነዳጅ ይልቅ ውሃ ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱንም «አሲድ ማስገባት» ብሎ የሚተረጕም ሰው ይህን ወሰን ከጽሑፉ አጥፍቶታል። ዋና ግሳችንን ለመጠበቅ አንድ ምክር እንጨምራለን፦ በምንጩ ጽሑፍ ውስጥ የተግባሩ ዓይነት ካልተገለጸ፣ ተርጓሚው የግፊቱን መጠን አይቶ ይለይ፤ መለየት ካልቻለም «ማከም» ብሎ ይተወው እንጂ በግምት «ማስረግ» አይበል።

ስለ «አሲድ» ብዙ አንከራከርም። ጀርመንኛም ሩስኛም ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ የራሳቸውን የ«ኮምጣጣ» ቃል ተጠቅመዋል፤ ዐረብኛም እንዲሁ፤ ላቲኑ ራሱ ፍቺው ኮምጣጣ ማለት ነው። አማርኛ «ኮምጣጤ»ን ለዚህ ሊያውለው ይችል ነበር። ሆኖም ኮምጣጤ በወጥ ቤት ተወስኖ ቀርቷል፤ በከተማ እንዲያውም ስፍራውን ከጣሊያንኛ ለመጣው «አቼቶ» እየለቀቀ ነው። «አሲድ» ግን በትምህርት ቤትም በጋራዥም ጸንቷል፤ ሕዝብ የተቀበለውን ቃል ለመንቀል መሞከር ድካም ነው። ልብ ሊባል የሚገባው አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው አሲድና የሎሚው አሲድ ሁለቱም በዚህ ሙያ መግባታቸው ነው፤ የመጀመሪያው ሙቀቱ ከፍተኛ በሆነ ጕድጓድ ዋናው አሲድ ብረቱን እንዳይፈጀው በምትኩ፣ ሁለተኛው የሟሟው ብረት ተመልሶ እንዳይዘቅጥ ይጨመራል። ስለዚህ ለተማሪ ሲያስረዱ ከወጥ ቤት መነሣት ነውር የለውም።

የሥራው ታሪክ ለአሰያየም የሚጠቅመን አንድ ነገር ይዟል። በ1896 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት በላይማ ከተማ በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ የሚሠራው ጀርመን ተወላጅ የኬሚስትሪ ሊቅ ኸርማን ፍራሽ፣ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለ ነዳጅን ፍሰት በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለማሻሻል የፈጠራ መብት ተሰጠው። የዚያው ማጣሪያ ሥራ አስኪያጅ ጆን ቫን ዳይክም በዚያው ዓመት በሰልፈሪክ አሲድ ለመሥራት የተመሳሳይ መብት አገኘ። የባትሪ ውሃ የምንለው ይኸው ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲገናኝ ግን የሚፈጥረው ጀሶ ነው፤ ጀሶም በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሟ ሊከፍት የመጣውን ቀዳዳ መልሶ ይደፍነዋል። የፍራሽ መንገድ ትክክለኛው ነበር። ይሁን እንጂ እርሱም ከጥቂት ሙከራ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተረሳ፤ አሲዱ ዐለቱን እንደሚበላ ሁሉ የጉድጓዱን ብረት ይበላ ነበርና።

ሥራው ዳግመኛ የተነሣው በ1932 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ግዛት ነው። የፒውር ኦይል ኩባንያ ንብረት በነበረና ምንም በማይሰጥ አንድ ጉድጓድ ውስጥ፣ ዳው ኬሚካል ኩባንያ 500 ጋሎን ያህል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አስገባ፤ ጕድጓዱም በቀን 16 በርሜል መስጠት ጀመረ። አዲስ የነበረው አሲዱ ሳይሆን ከአሲዱ ጋር የተቀላቀለው የአርሴኒክ ውሁድ ነበር። ይህ ውሁድ አሲዱ ከዐለቱ ጋር እንዳይሠራ ሳያግድ፣ ብረቱን የሚበላበትን ፍጥነት ይቀንሰዋል። ዳው በዚያው ዓመት ዳውል የተባለውን የአገልግሎት ኩባንያ አቋቋመ። አርሴኒክ መርዛማ በመሆኑ በኋላ ዘመን በካርቦናዊ ውሁዶች ተተክቷል።

ለዚህ ተጨማሪ ንጥረ ነገር «ከልካይ»፣ «አጋጅ»፣ «ተከላካይ» የሚሉ ስሞች ሲሰጡት አይተናል። ሦስቱንም አንቀበልም። መከልከል ጨርሶ አለማሳለፍ ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር ግን ዝግ ያደርጋል እንጂ አያስቀርም። የሚያገለግለውም ለተወሰኑ ሰዓቶች፣ ከተወሰነ ሙቀት በታች ብቻ ነው። «ከልካይ አለበት» ብሎ ያነበበ ሠራተኛ ፓምፑ ተበላሽቶ አሲዱ በቧንቧ ውስጥ ሌሊቱን ቢያድር የሚያሰጋው ነገር አይታየውም። «ገቺ» ብንለው ግን፣ የተገታ ነገር ልጓሙ ሲላላ እንደሚሮጥ ቃሉ ራሱ ይነግረዋል። ስለዚህ «የብረት መበላት ገቺ»። «የዝገት ገቺ» ያላልነውም በምክንያት ነው፤ ዝገት ከአየርና ከርጥበት የሚመጣውን የሚታወቅ ቀይ ቅርፊት ያመለክታል፤ አሲድ ግን ብረቱን ያሳሳዋል እንጂ አያዝገውም።

አሲዱ ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲገናኝ የሚሆነው በትምህርት ቤት የታወቀ ነው። ድንጋዩ እየፈላ ይሟሟል፤ የሚሟሟ የካልሲየም ጨው፣ ውሃና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይወጣሉ። 15 በመቶ ጥንካሬ ያለው አንድ ሜትር ኩብ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 220 ኪሎ ግራም ያህል የኖራ ድንጋይ ያሟሟል። የሚያስገርመው የሚሟሟበት መልክ ነው። አሲዱ ወደ ዐለቱ ሲገፋ ሁሉንም ቀዳዳ እኩል አያሰፋም፤ በመጀመሪያ ትንሽ ሰፋ ያለው ቀዳዳ ብዙ አሲድ ይስባል፣ ብዙ አሲድ ስለ ሳበም ይበልጥ ይሰፋል፣ በመጨረሻም ጥቂት ረጃጅም ዋሻዎች ሌላውን ትተው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። አገፋፉ በጣም ቀስ ያለ እንደ ሆነ አሲዱ ከግድግዳው ሳይርቅ ኃይሉን ይጨርሳል፤ በጣም የፈጠነ እንደ ሆነ ዋሻው ቅርንጫፍ ያበዛና አይርቅም፤ በመካከላቸው አንድ የተሻለ ፍጥነት አለ። በምንጩ ቋንቋ እነዚህ ዋሻዎች «የትል ቀዳዳ» ይባላሉ። አማርኛ ግን ትልን ከብስባሽ ጋር እንጂ ጠጣር ከመብሳት ጋር አያያይዘውም። ጠጣሩን ውስጥ ለውስጥ በስቶ የሚሄደው ነቀዝ ነው። «የነቀዝ መንገድ» ብንል ባቄላ ለቅሞ ለሚያውቅ ሁሉ ምስሉ ወዲያው ይታየዋል።

ዐለቱ የኖራ ድንጋይ ሳይሆን የአሸዋ ድንጋይ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሸዋን አይነካም። አሸዋንና በመካከሉ ያለውን ደቃቅ ሸክላ አፈር የሚያሟሟው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ በዚህ አሲድ ቅልቅል የተደረገው ሙከራ አልቀናም ነበር፤ በ1940 እ.ኤ.አ. ዳውል «ማድ አሲድ» በሚል የንግድ ስም ለገበያ ካቀረበው በኋላ ተስፋፋ። የተለመደው ቅልቅል 12 በመቶ ሃይድሮክሎሪክና 3 በመቶ ሃይድሮፍሎሪክ ነው። በአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ ትንሽ ኖራ ካለና ሃይድሮፍሎሪኩ ካገኘው፣ የማይሟሟ የካልሲየም ፍሎራይድ ደለል ይፈጠራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ኖራውን የሚያጸዳ ንጹሕ ሃይድሮክሎሪክ ይላካል። ለሦስቱ ተራዎች «ቀዳሚ እጥበት»፣ «ዋና አሲድ»፣ «ተከታይ እጥበት» ማለት ይበቃል።

«ማድ አሲድ»ን «የጭቃ አሲድ» ብሎ መመለስ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአማርኛ የ«የ» አገናኝ ብዙ ትርጉም ይሸከማል፤ የሎሚ አሲድ ከሎሚ የሚገኝ ከሆነ የጭቃ አሲድም ከጭቃ የሚገኝ፣ ምናልባትም ጭቃ መሰል የሆነ ለዘብተኛ ነገር ይመስላል። ስሙ የተሰጠው ግን የቍፋሮ ጭቃን ስለሚያጠፋ ነው። «ጭቃ አሟሚ አሲድ» ይባል እንላለን።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ የሁለቱ አሲዶች ስም ነው። ሃይድሮክሎሪክና ሃይድሮፍሎሪክ በፊደላችን ሲጻፉ የሚለያዩት በአንዲት ሆሄ፣ በ«ክ» እና በ«ፍ» ብቻ ነው። የሚያደርሱት ጉዳት ግን አይመሳሰልም። ሃይድሮክሎሪክ ወዲያው ያቃጥላል፤ ሰውየው ያውቃል፣ በውሃ ይታጠባል። ሃይድሮፍሎሪክ በተለይ ለስለስ ብሎ ሲበጠበጥ መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ላይሰማ ይችላል፤ ወደ ሥጋ ዘልቆ በመግባት የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል፣ ብዙ ከሆነም የልብን ምት እስከ ማዛባትና እስከ መግደል ይደርሳል። ከመታጠብ ሌላ ካልሲየም ግሉኮኔት የተባለ ልዩ መድኃኒትና ፈጣን ሕክምና ያስፈልገዋል። አንዲት የተሳሳተች ሆሄ እንግዲህ ሰውን ያለ መድኃኒቱ ታስቀራለች። ስሞቹ ዓለም አቀፍ በመሆናቸው መለወጥ አይቻልም፤ ሁለተኛውን ግን በአማርኛ ቅጽል ማጀብ ይቻላል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ መስተዋትን ይበላል፤ መስተዋትም ከአሸዋ የሚሠራ ነው። ሥጋ በል፣ ሣር በል እንደምንለው «መስተዋት በል አሲድ» ብንል፣ አሲዱ ለአሸዋ ድንጋይ ለምን እንደሚመረጥም፣ ለምን በመስተዋት ዕቃ እንደማይቀመጥም፣ ለምን እንደሚፈራም በአንድ ቃል ይነገራል። በማንኛውም የደኅንነት ጽሑፍ «ሃይድሮፍሎሪክ፣ መስተዋት በል አሲድ» ተብሎ ሁለቱ ተያይዘው ይጻፉ ዘንድ አጥብቀን እናሳስባለን።

ይህ ሁሉ ለአገራችን አንባቢ ከሩቅ የመጣ ወሬ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ በተገኘበት በኦጋዴን ምድር ውስጥ ያሉት የአዲግራት አሸዋ ድንጋይና ከበላዩ የተደረበው የሃማንሌይ የኖራ ድንጋይ፣ ከላይ የተናገርንላቸውን ሁለት የዐለት ዓይነቶች በአንድ ስፍራ ያቀርባሉ። በአንዱ ዐለት ትክክል የሆነው አሲድ በሌላው ስሕተት ነው፤ ስለዚህ ቃላቱ ከሥራው ቀድመው ቢደርሱ ይሻላል።

ሥራው ሲያበቃ ከጉድጓዱ ተመልሶ የሚወጣውን ፈሳሽ በተመለከተ አንድ ቃል እንጨምር። ይህን «ያለቀ አሲድ» ማለት አይቻልም፤ ያለቀ የሌለ ነው። «የሞተ አሲድ»ም ጕዳት የለውም የሚል መልእክት ያስተላልፋል። እውነቱ ሌላ ነው፤ የሚመለሰው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ኮምጣጣነት አይለየውም፣ የሟሟ ብረትና ጨውም ይዟል። ጉድጓዱ ውስጥ የብረት ሰልፋይድ ጋግርት ከነበረም አሲዱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በጥቂቱ ሲሆን እንደ ገማ እንቍላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ራሱን ስለሚያደነዝዝ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ስለዚህ የምንመርጠው «የደከመ አሲድ» ነው። የደከመ አለ፤ ሊጐዳም ይችላል።

ገና ያልቈረጥነው አንድ ቃል ቀርቶናል። አሲድ እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ወደሚቀለው መንገድ ይሄዳል፤ በመሆኑም አስቀድሞ የተከፈተውን የዐለት ንብር ይበልጥ ሲከፍት፣ የተደፈነውን ሳይነካው ይቀራል። ይህን ለማስቀረት የተከፈተውን ንብር ለጊዜው የሚዘጋና አሲዱን ወደ ሌላው የሚያዞር ንጥረ ነገር ይጨመራል፤ በኋላም በነዳጁ ወይም በውሃው ሟሙቶ ይወገዳል። የወንዝን ውሃ ስለ ማዞር «መጥለፍ» እንላለንና «ጠላፊ» የሚለው ቀድሞ ወደ አፍ ይመጣል፤ ነገር ግን «አሲድ ጠላፊ» የሚል ጽሑፍ በርሜል ላይ ተለጥፎ ያየ የጥበቃ ሠራተኛ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። «አዟሪ» ደግሞ የገበያ ቃል ሆኗል። በመስኖ የሚያርስ ገበሬ ግን የአንዱን መደብ አፍ በአፈር ዘግቶ የቦዩን ውሃ ወደሚቀጥለው ሲያሳልፍ «ውሃ መለሰ» ይባላል፤ አፈሩም በኋላ ይነሣል። ሥራው ከዚህኛው ጋር አንድ በመሆኑ «መላሽ» የሚለው ለጊዜው የተሻለ መስሎ ይታየናል። በመስኖ አካባቢ ያደጉ አንባቢዎቻችን ለዚያች የአፈር መዝጊያ የራሷ ስም ያላት እንደ ሆነ ቢጽፉልን፣ ቃሉን ከመቍረጣችን በፊት እንመለከተዋለን።